የቀፎው በር ዘበኛ

ተረት አለኝ፤ ጆሮ ያለው ወዲህ ጠጋ ይበል።

አንድ ቀፎ ነበር። በሩ ላይ የቆመችው ዘበኛ ንብ የመጣውን ሁሉ በጠረኑ እየለየች ታስገባ ነበር። አንድ ቀን ጉንዳን ማር ተቀብቶ አታለላትና ገባ። ከዚያ ወዲህ ጠረን ማመን ተወች፤ ሙሉ ክንፍ የሌለው አይገባም አለች።

ዝናብ ሲያስገመግም አንዲት አሮጊት ንብ ከአበባ የቀሰመችውን ይዛ ደረሰች።

«እማማ፣ ክንፍዎ ተተልትሏል፤ አይገቡም።»

«ልጄ፣ ትናንት በዚሁ ክንፍ አስገብተሽኝ የለ? የተተለተለውም ለእናንተ ስመላለስ ነው።»

«እንደሱ የማይል ሌባ የለም!»

አሮጊቷ ቅጠል ሥር ልትጠለል ሄደች። ቀጥሎ ተርብ መጣ። ዘበኛዋ ዓይኗን አጥብባ ክንፉን ከላይም ከታችም መረመረች፤ አንድ ጭረት የለውም።

«ክንፍ ማለት ይኼ ነው!» ብላ መንገድ ለቀቀችለት።

ተረቴ እዚህ አለቀ፤ ማሩም አብሮ አለቀ።