ጭስ ያልነበረበት ጠዋት

አንዲት ሴት የባሏን ሞተር ሳይክል አትወደውም ነበር።

የማትወደው ስለሚያስፈራ አይደለም። ስለሚያጨስ ነው። ባሏ ጠዋት ጠዋት ሲያስነሳው ሰማያዊ ጭስ ግቢውን ይሞላዋል። ገመድ ላይ የተሰጣው ልብስ ይሸታል። ጎረቤት መስኮቱን ይዘጋል። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ጎን ለጎን ሲቀመጡ እንኳ ከነጭ ሸሚዙ የተቃጠለ ዘይት ይሸታታል። እንዲህ ያለውን ነገር ታውቁታላችሁ? ትንሽ ነው። ግን በየቀኑ ነው።

እሷ አመነች ትባላለች፤ ባሏ ላሬቦ ይባላል። ከዱራሜ ወጣ ብላ ባለች ትንሽ ከተማ ክትባት ሰጪ ነበር። በረዶ የተሞላውን የክትባት ሣጥን ከኋላው አስሮ ደጋውን ይለቅና ወደ ቆላው ይወርዳል። ሞተሩ ዕድሜው ከትዳራቸው ይበልጣል።

የሞተሩን ታሪክ ስሙ። አንድ ሩቅ አገር ያሉ ሰዎች ነደፉት። ሌላ አገር ደግሞ ፈቃድ ጠየቀ፣ ንድፉን ተቀበለ፣ በራሱ ፋብሪካ በራሱ ስም ይሠራው ጀመር። እንዲህ ያለ ፈቃድ ሲሰጥ መልክ ብቻ አይሰጥም። እያንዳንዱ ብሎን፣ እያንዳንዱ ልክ ከነግዴታው ይሰጣል። የዚህ ሞተር ግዴታ ደግሞ ዘይት ነበር። ለብቻው ዘይት የሚቀመጥበት ቦታ የለውም። ዘይቱ ከቤንዚን ጋር ተቀላቅሎ ይገባል፣ ብረቱን እየቀባ ያልፋል፣ ከቤንዚኑ ጋር ተቃጥሎ ይወጣል። ያ ሁሉ ጭስ ይኸው ነው።

የነደፉት ሰዎች መሥራት አቆሙ። ፈቃድ የተቀበሉት ግን ብዙ ዓመት ሠሩት፤ ኋላ እነሱም ፋብሪካቸውን ዘጉ። ግዴታው ግን አብሮ አልተዘጋም። በነዳጅ ታንኩ ክዳን ላይ፣ በእኛ አገር በማይነበብ ፊደል ተቀርጾ ቀረ።

ላሬቦ ፊደሉን አያውቅም። የሸጠለት ሰው ግን በቃሉ ነግሮታል፤ ለአምስት ሊትር ቤንዚን አንድ የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ ሙሉ ዘይት። ቆርቆሮውን በሽቦ ከመቀመጫው ሥር አንጠልጥሎት ይዞራል። ሚስቱ ያንን ቆርቆሮም አትወደውም፤ ቀሚሷን ሁለት ጊዜ አበላሽቶባታል።

አንድ ሰሞን ቆላው ውስጥ ኩፍኝ ገባ። ሕፃናት መሞት ጀመሩ። ላሬቦ ቀኑን ሙሉ ክትባቱን ሲረከብና በረዶ ሲያዘጋጅ ሊውል ሆነ፤ ነገ በጠዋት ለመውረድ እንዲመቸው ሞተሩን ገፍታ ወስዳ ነዳጅ እንድታስሞላ ሚስቱን ለመናት። ታንኩ ጥርግ ብሎ አልቆ ነበር። ዘይቱም ቤት ውስጥ አልቋል፤ ገዝተሽ ጨምሪበት አላት።

ቤንዚን በፕላስቲክ ጠርሙስ የሚሸጠው የሞተር ጠጋኙ ማቲዎስ ነበር። ማቲዎስ ጎበዝ ሠራተኛ ነው፤ የልጆች አባት ነው፤ ክፉ ሰው አይደለም። ግን እጁ የሚያውቀው አዳዲሶቹን ሞተሮች ነው፤ ዘይታቸው ለብቻው የሚቀመጠውን። ሴትዮዋ ቆርቆሮውን ስታወጣ አይቶ ሳቀ።

«እህቴ፣ ይሄ እኮ ሞተር ነው፣ ወጥ አይደለም» አላት። «ቤንዚን ውስጥ ዘይት የሚጨምር ሰው ዛሬ የት አለ? የሚያጨስብሽም እኮ ይኸው ዘይት ነው። ተይው፣ ልብስሽም ይነጻል።»

ለምን አመነችው? ዐዋቂ ስለሆነ ብቻ ነው? አይደለም። መስማት የምትፈልገውን ስለነገራት ነው።

በማግስቱ ጠዋት ላሬቦ ሣጥኑን አሰረ፣ ሞተሩን ረገጠ፣ ተነሣ። ጭስ የለም። ግቢው ጥርት ብሎ ታየ። ላሬቦ ግራ ተጋብቶ ጎንበስ ብሎ የጭስ ማውጫውን አየ።

«አመነች፣ ምን አደረግሽው?» አላት።

«መከርኩት።»

«እኔ አሥር ዓመት ስመክረው አልሰማኝም!» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ሳቁን አቁሞ፣ «ዘይቱስ?» አለ።

እሷም «አለበት» አለች።

ለምን እንዲህ አለች? ሰዓቱ ሄዷል፤ ሰዎች እየጠበቁት ነው፤ ቆላ ውስጥ ልጆች እየሞቱ ነው። ደግሞም ሞተሩ እየሠራ ነው፤ ያውም ከሌላው ቀን ይልቅ ደስ በሚል ድምፅ። ተሳስታም ከሆነ ማታ ሲመለስ ትነግረዋለች።

ላሬቦም አመናት። ሞተሩ ከተማዋን አቋረጠ፤ ቁልቁለቱን በሰላም ወረደ፤ ቆላውም ደረሰ። አስተውሉ፤ ብዙ መንገድ ሄደ። ሜዳው ላይ ፍጥነት ሲጨምር ግን ያልተቀባው ብረት ግሎ ነበርና ፒስተኑ ሲሊንደሩ ውስጥ ተጣብቆ ቀረ። የኋላው ጎማ በአንድ ጊዜ ቀጥ አለ። ሞተሩ ጠጠሩ ላይ ተንሸራተተና ላሬቦን ከአንዲት ትንሽ ድልድይ ግንብ ጋር አጋጨው።

ሰው የደረሰለት ከቀትር በኋላ ነው። ሞቷል። የክትባት ሣጥኑ ክዳኑ ተከፍቶ በረዶው አሸዋ ላይ ቀልጧል። ከድልድዩ ማዶ ያለው መንደር በዚያ ሳምንት ክትባት አላገኘም።

ለቅሶ ላይ ሁሉም የየራሱን ተናገረ። አንዱ ፍሬኑ እምቢ ብሎት ነው አለ። ሌላው ቀኑ ደርሶ ነው አለ። አመነች ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጣ ሁሉንም ሰማች፤ አንዱንም አላረመችም።

በሦስተኛው ቀን ማቲዎስ መጣ። ሞተሩን ፈትቶት ነበር። ፒስተኑን በጋዜጣ ጠቅልሎ ይዟል። የተቧጨረ፣ የጠቆረ፣ ጠብታ ዘይት የሌለበት ብረት። ሰው ራቅ እስኪልላቸው ጠበቀና አጠገቧ ቁጢጥ ብሎ፣ «እኔ ነኝ የገደልኩት» አላት።

አመነች ብረቱን ተቀብላ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። 

«አንተን አልጠየቀህም» አለችው። «እኔን ጠየቀኝ። አለበት አልኩት።»

 ማቲዎስ ሄደ። ዓመታት አለፉ፤ ግቢው ዛሬም ጥርት ያለ ነው፤ ልብሷም አይሸትም። አንዳንድ ጠዋት ልብስ አስጥታ ስትጨርስ ገመዱ ሥር ትቆምና ያጠበችውን ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ ታሸተዋለች። ምንም የለበትም።

ወገኖቼ፣ ይህን የሰማችሁት በአንዲት ሴት እንድትፈርዱ አይደለም። እሷ በራሷ ላይ ፈርዳ ጨርሳለች።

እኛም የተሠራነው በራሳችን ንድፍ አይደለም። ሕይወትን የተቀበልነው በፈቃድ ነው፤ ከነግዴታው። በየማለዳው መንበርከክ አለ። ይቅርታ መጠየቅ አለ። ባልና ሚስት ተቀምጠው የከበደውን ነገር መነጋገር አለ። እነዚህ ሁሉ ያጨሳሉ። ጊዜ ይበላሉ፤ ያስለቅሳሉ፤ ጎረቤት ይሰማል። ስለዚህ ተውናቸው። ከተውናቸው በኋላስ ምን ሆነ? ምንም። ቤቱ እየሄደ ነው። ያውም ከድሮው ይልቅ ጸጥ ብሏል።

ከመካከላችሁ «ድሮ እንጣላ ነበር፣ አሁን ግን ሰላም ነን» የምትሉ አላችሁ። እስቲ ራሳችሁን መርምሩ። የቀረው ጠብ ነው ወይስ ዘይቱ? ከወንድማችሁ ጋር ከተነጋገራችሁ ስንት ጊዜ ሆናችሁ? ልጃችሁ ማዘኑን ለመጨረሻ ጊዜ የነገራችሁ መቼ ነው? መሄዳችሁን የደህንነታችሁ ማስረጃ አታድርጉት። ያም ሞተር ሄዷል። ቁልቁለቱን በሙሉ ሄዷል።

ዛሬ ቤት ስትገቡ ምናልባት አንድ ሰው ቀና ብሎ ያያችሁ ይሆናል። «ደህና ነህ ወይ? ደህና ነሽ ወይ?» ይላችኋል። እናንተም ቸኩላችኋል፤ መልሱ አፋችሁ ላይ ነው፤ አንድ ቃል ብቻ ነው። እባካችሁ ያንን ቃል አትናገሩት። ቁጭ በሉና እውነቱን ንገሩት። አመነች ማታ ሲመለስ ልትነግረው ነበር።

የእናንተ ሰው ገና በር ላይ ነው። አልሄደም።