ቀኑን ሙሉ የቆመው ሴናተር

አሜሪካ ውስጥ ጎርፍ ድልድይዋን የወሰደባት አንዲት የወንዝ ዳር ከተማ ነበረች። በዚህ የተነሳ የተማሪዎች አውቶቡስ የምትነዳ አንዲት ሴት ልጆቹን በተራራው ዙሪያ ስታመላልስ ዓመት አለፋት፤ ወገቧም ምላሷም ዕረፍት አጥተው ነበር።

በመጨረሻ ድልድዩን የሚያሠራ ረቂቅ ሕግ ለሴኔቱ ቀረበ። ሕጉን ያመጣው ግን ተቃራኒው ፓርቲ ነበርና የአካባቢው ተመራጭ፣ ሴናተር ግሪምሾ፣ ሊያስቀረው ቆርጦ ተነሳ። አሜሪካኖች ፊሊበስተር የሚሉት ዘዴ አለ፤ አንድ ሴናተር ንግግሩን እስካላቆመ ድረስ በሕጉ ላይ ድምፅ መስጠት አይቻልም። ግሪምሾም ቆሞ ስለ አያቱ በቅሎዎች ሲያወራ ዋለ። የስብሰባው ጊዜ አለቀ፤ ሕጉም ቀረ።

ምርጫ ሲቃረብ ግሪምሾ ወደ ከተማዋ መጥቶ ሕዝቡን አዳራሽ ሰበሰበ።

"ስለ እናንተ ብዬ እህል ውሃ ሳልቀምስ፣ ለአፍታ እንኳ ሳልቀመጥ ዋልኩ!" አለ ደረቱን ነፍቶ።

አጃቢዎቹ ሲያጨበጭቡ ሾፌሯ እጇን አጣጥፋ መቀመጧን አየ።

"አንቺ ሴትዮ! እግሬ እስኪያብጥ ቆሜልሽ ምስጋና ትነፍጊኛለሽ? በይ ማይክሮፎኑን ያዢና በሕዝብ ፊት አመስግኚኝ!"

ሾፌሯ ተነሳች። በየዳገቱ ስታወርድበት የከረመችው እርግማን ሁሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጥ አደረገችውና ማይክሮፎኑን ተቀበለች።

"ክቡር ሴናተር፣ ስለ እኛ ብለው ያን ያህል መቆምዎ አንጀታችንን በልቶታል" አለች። "ብቻ ምርጫው ይድረስ፤ ሁላችንም ተባብረን ቤትዎ እናስቀምጥዎታለን።"