ለአብራሪው ጠበቃ የሆኑት አለቃ

አንድ አብራሪ ነበር፤ ልዑልሰገድ ይባላል። በአንድ ሳምንት አምስት ጊዜ ከበረረ በኋላ ለስድስተኛ በረራ ሲጠራ፣ «በዚህ ድካም መንገደኛ ይዤ አልነሣም» ብሎ ቀረ። በረራው ተሰረዘ። ኩባንያውም በእምቢተኝነት ከሰሰውና ለዲሲፕሊን ኮሚቴ አቀረበው። ከተፈረደበት ከሥራው ይባረራል።

የአብራሪዎቹ አለቃ ካፒቴን አስናቀ መብረር ያስተማሩት ሰው ነበሩ። ኮሪደር ላይ ሲጣደፍ አገኙት።

«ወዴት ነው?»

«ወደ ሠራተኛ ማኅበሩ። ተወካያችንን ወይዘሮ ወይንሸትን ልጠራት ነው።»

«እኔ እያለሁ? ኮሚቴውን የሚመራው ሥራ አስኪያጁ እኮ ገና ሲያያት ጨጓራው ይቃጠላል። ተዋት፤ እኔ እናገርልሃለሁ።»

«እርስዎ አለቃ አይደሉ እንዴ?»

«አለቃ ስለሆንኩ ነዋ የሚሰሙኝ፣ አንተ ሞኝ።»

ልዑልሰገድ ሳቀ። አመናቸውና ተከትሏቸው ኮሚቴው ፊት ገባ።

ካፒቴን አስናቀ ጥሩ አድርገው ጀመሩ። ልጁ ጨዋ እንደሆነ፣ በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አንድም በረራ አስተጓጉሎ እንደማያውቅ ተናገሩ። ሥራ አስኪያጁ እስኪጨርሱ ሰሟቸውና አንድ ወረቀት ወደ እሳቸው ገፋ አደረጉ። የዚያ ሳምንት የበረራ መርሐ ግብር ነበር።

«ካፒቴን፣ ይህ መርሐ ግብር ሰው ያደክማል ይላሉ?»

ከወረቀቱ ግርጌ ያለው ፊርማ የራሳቸው የካፒቴን አስናቀ ነበር። ያደክማል ቢሉ ጥፋቱ የእሳቸው ሊሆን ነው። አያደክምም ቢሉ ልጁ አለቀለት።

«መርሐ ግብሩ እንኳ... ደንቡን የጠበቀ ነው» አሉ ቀስ ብለው።

ልዑልሰገድ አልተቆጣም። «ካፒቴን» አለ፣ «ከመነሣታችን በፊት አንዱ አብራሪ የፍተሻ ዝርዝሩን ያነባል፣ ሌላው ያረጋግጣል። ሁለቱንም አንድ ሰው አይሠራም። ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። የራሱን ስህተት ማየት ስለሚከብደው ነው።»

አለቃው ከልዑልሰገድ አጠገብ ተነሡ።

«ጉዳዩ ለነገ ይቆይና ወይዘሮ ወይንሸት ትጠራለት» አሉ። «እኔ ጠበቃው መሆን አልችልም። ምስክር ሆኜ ግን እመጣለሁ። ይህን ወረቀት ማን እንደፈረመው ትጠይቀኝ፤ እመልስላታለሁ።»

በማግስቱ ጠየቀቻቸው፤ የፈረሙት እሳቸው እንደሆኑና መርሐ ግብሩም ሰው እንደሚያደክም እውነቱን መለሱ። ልዑልሰገድ ወደ በረራው ተመለሰ። ለካፒቴን አስናቀ ደግሞ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈላቸው።

ደግ አለቃ ሊያዝንልን፣ ስለ እኛም እውነቱን ሊመሰክር ይችላል። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ጥብቅና ግን ትእዛዙን ያልፈረመ ሰው ይፈልጋል፤ ስለ እኛ ሲናገር ለራሱ የማይፈራ ሰው። ካፒቴን አስናቀ ልጁን የጠቀሙት ቦታውን በለቀቁለት ጊዜ ይመስለኛል።

እናንተስ፣ አለቃችሁ «እኔ አለሁልህ» ቢላችሁ፣ ጥብቅናውን ትጠይቁታላችሁ ወይስ ምስክርነቱን?