እሜት አህያና የቀናባት አውራ ዶሮ

ተረት ልነግራችሁ ነው፤ ጆሯችሁን ከጣላችሁበት አንሱና አምጡ!

በአንድ አገር እንስሳት ሁሉ ውሃው በደረቀ ወንዝ አሸዋ ላይ ይውሉ ነበር። አንድ ቀን እግዜር እሜት አህያን "ደራሽ ውሃ እየመጣ ነው፤ ከአሸዋው ውጡ በያቸው" አላት።

አውራ ዶሮ ይህን ሲሰማ በቅናት ላባው ቆመ። "በየማለዳው ለጸሎት የምቀሰቅሰው እኔ፣ መልእክቱ ለዚች ጆሮ ረጅም! እሜት አህያ፣ ለኔ ስጪኝ። በዚያ ድምፅሽ እግዜርን አታሰድቢው።"

"ውሰደው አያ አውራ። ብቻ እንዳለ ንገራቸው።"

አውራው ድንጋይ ላይ ወጣ። ሁሉም አኩርፈው ሲያዩት ጊዜ ክፉ ወሬ ብነግራቸው ይጠሉኛል ብሎ ፈራና "ዝናብ ሊመጣ ነው! ሣሩ ሊያድግ ነው!" አለ።

ፍየሎቹ "እሰይ የኛ ነቢይ!" ብለው ዘለሉ።

አህያ አላስቻላትም። "ውሸቱን ነው! ውጡ፣ ታልቃላችሁ!" ብላ አናፋች።

"ሰማዩ እንዲህ ጥርት ብሎ? ቀንታ ነው እንጂ! በሏት!" ብለው በቀንዳቸው ሊወጓት ተነሱ። እሷ እየጮኸች ወደ ኮረብታው ሮጠች፣ እንስሳቱም ሁሉ ተከተሏት።

አውራው ብቻውን ቀረ። "ደግሞ ሁሉም እሷን ተከተለ! እኔ ከሷ ኋላ? ሞቼ ነው!" ብሎ ድንጋዩ ላይ ተኮፈሰ።

ኮረብታው ላይ ከበው ሊወጓት ሲሉ ከታች አንዳች ነገር አጓራ። ዞር ብለው ቢያዩ አሸዋውም የለ፣ ድንጋዩም የለ፣ አውራውም የለ።

ቀንዳቸውን ከአህያ ላይ መለሱ። በመጨረሻ አንድ ፍየል ጉሮሮውን ጠርጎ፣ "ቢሆንም እሜት አህያ፣ ድምፅሽ ያስጠላል" አላት።

እኔ ጨረስኩ፤ ጆሯችሁን ወደ ጣላችሁበት መልሱት።