ሚስተር ሃርግሪቭ ያጠኗት ተረት

በአንዲት የእንግሊዝ ከተማ ሁለት ነባር ፓርቲዎች የፓርላማ ወንበሩን እየተቀባበሉ ዘመናት አለፉ፤ ሐበሾች የሚበዙበት ሰፈር ጣሪያ ግን ከማፍሰስ አላረፈም። አንዱ ሲመጣ "ያበላሸው ያኛው ነው" ይላል፤ ያኛውም ሲመጣ እንዲሁ። ይህ ያንገሸገሻት አንዲት ምላሷ እንደ ምላጭ የሆነ ሐበሻ አውቶቡስ ነጂ ከሁለቱም ፓርቲዎች ላልሆነች አንዲት አዲስ ተወዳዳሪ መቀስቀስ ጀመረች።

የፓርላማው አባል ሚስተር ሃርግሪቭ ይህን ሲሰሙ ደነገጡ። "ሐበሻን በገዛ ተረቱ እይዘዋለሁ" ብለው አንዲት የአማርኛ ተረት ሲያጠኑ ከረሙና፣ የሰፈሩን ሰው አዳራሽ ሰበሰቡት።

"አንቺ ሴት፣" አሏት ደረታቸውን ነፍተው በአስተርጓሚ፣ "እኔን ትተሽ ማንነቷን ለማታውቂያት ሴት ድምፅሽን ልትሰጪ ነው?" ከዚያም አስተርጓሚውን ገፋ አድርገው ያጠኗትን ራሳቸው በአማርኛ አንበለበሏት፦ "ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል!"

ሴትዮዋ ብድግ ብላ እጅ ነሣች።

"እግዜር ይስጥልኝ ጌታዬ። እርስዎንስ ድሮም እናውቅዎታለን፤ እሷ መልአክ መሆኗን ግን ገና አሁን ከአፍዎ ሰማሁ።"