ሦስት ጊዜ የተለጠፈው ጎማ

በሰፈራችን አንድ ጥፋት እየተመላለሰ ለሚያስቸግረው ሰው የምንላት አባባል አለች። ሁሉም ይጠቅሳታል፤ ከየት እንደመጣች የሚጠይቅ ግን የለም። እኔም ዝም ብዬ አብሬ እስቃለሁ፤ ሞኙ እኔ ነኛ!

ባሕር ዳር ላይ ሳይክል እግር ማለት ነው፤ ገበያውም፣ ለቅሶውም፣ ሥራውም የሚኬደው በእሱ ነው። የሰፈራችን ሳይክል ጠጋኝ አቶ ሙጨ ናቸው፣ ኋላ የወደድኋት የትርንጎ አባት። ትርንጎን ከማወቄ በፊት፣ እሳቸው የጠገኑት ጎማ አንድ ቀን ቢተነፍስብኝ፣ ሰው በተሰበሰበበት "ሙጨ እኮ አንዱን ቀዳዳ ደፍኖ ሁለት ይበሳል!" ብዬ አሳቅሁባቸው። ምላሴን ይቁረጠውና!

ከዚያ ወዲህ ደጃቸውን አልረገጥሁም። ማስቲሽ፣ መለጠፊያና ፓምፕ ገዝቼ ራሴ ጠጋኝ ሆንሁ። በኋላ ትርንጎን ለማግባት ሽማግሌ ብልክ አሳፍረው መለሱብኝ። ለሁለተኛ ጊዜ የሚሄድልኝ ጠፍቶ የሰፈራችን ሽማግሌ ጋሽ ደምለው ብቻ እሺ አሉኝ። አቶ ሙጨም "እስከ አራት ሰዓት እጠብቃለሁ፤ ይሄ የመጨረሻው ነው" ብለው ላኩ።

በቀጠሮው ቀን ጠዋት ጋሽ ደምለውን ነጭ ጋቢያቸውን እንደለበሱ ከኋላዬ አስቀምጬ፣ ከድልድዩ ማዶ ካለው ከአቶ ሙጨ ቤት ጥግ አድርሻቸው ልመለስ ተነሳሁ።

"በባጃጅ ብንሄድስ?" አሉኝ።

"ከእኔ ሳይክል የሚቀድም ባጃጅ የለም!"

ሁለት መቶ ሜትር ሳንሄድ ጎማው ፉስስ አለ። ወርጄ ለጠፍሁ፣ ነፋሁ፣ ተነሳን። ድልድዩ ጋ ደገመ። ለጠፍሁ።

"ልጄ፣ ውስጡን አይተኸዋል?"

"ጋሼ፣ ይሄን ለእኔ ይተዉት!"

ሦስተኛውን ስለጥፍ ማስቲሹ አለቀ፤ ጎማው ግን መልሶ ተነፈሰ። ያለፈው ባጃጅ ሁሉ ሙሉ ነው። አራት ሰዓት ሊሞላ ነው፤ ትርንጎ ልታመልጠኝ ነው። እኔ እየገፋሁ፣ እሳቸው እያለከለኩ፣ ላብ በላብ ሆነን አቶ ሙጨ በር ደረስን።

አቶ ሙጨ ሊወጡ ጫማቸውን አድርገዋል። እኔን ትተው ሳይክሉን አዩ። ልማድ አይለቅምና ጎማውን ፈልቀቅ አድርገው ጣታቸውን በውስጡ አዞሩ፤ አንድ የግራር እሾህ ነቅለው አወጡ።

"ይሄ እያለ ነው ስትለጥፍ የመጣኸው?"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ጋሽ ደምለው ወደ እኔ ዞሩ። "ለመሆኑ፣ በሰው ፊት ስላዋረድኸው ይቅርታ ጠይቀኸዋል?"

"ሽማግሌ ልኬ የለም እንዴ!"

"እሱን አይደለም የጠየቅሁህ። አንድም ቀን ይቅርታ ብለኸዋል?"

"አላልሁም" አልሁ። የአቶ ሙጨ እግር ላይ ወደቅሁ። "አባባ፣ አጥፍቻለሁ! ባለጌ አፌን ይቅር ይበሉኝ!"

አቶ ሙጨ "ተነሳ" አሉና ጫማቸውን አወለቁ። "በሉ ግቡ፣ የመጣችሁበትን ልስማ።"

ጋሽ ደምለው አቧራ የጠጣ ጋቢያቸውን እያራገፉ ገላመጡኝና እንዲህ አሉ፦ "እሾህ ሳይነቅል ጎማ የለጠፈ፣ ዕድሜው ሳይክል ሲገፋ አለፈ።"