አያ ጓንጉልና የገብርኤል አቀበት እሽቅድምድም

ከጎሽ ውኃ ገበያ እስከ አቀበቱ ገብርኤል ያለውን መንገድ በክረምት ያልሄደበት ሰው፣ ጭቃ አውቃለሁ ባይል ይሻለዋል። ሐምሌ ሲገባ በሬ እስከ ቀንዱ፣ ሰው እስከ ማዕተቡ፣ ቄስ እስከ ጥምጥሙ ይሰምጥበታል። እኔ አላየሁም፤ ያየው አያቴ ነው። እሱም ቢሆን እስከ ቅንድቡ ገብቶ ነው ያየው።

በዚያ ዘመን በአገሩ ያሉት መኪኖች ሁለት ብቻ ነበሩ። አንደኛዋ የፊታውራሪ ደምመላሽ ናት፤ ጥቁር፣ የምታብረቀርቅ፣ አውራ ዶሮ ራሱን አይቶባት የሚጣላት። ነጂዋ ልየው ይባላል፤ ሥራው መንዳት፣ ሙያው ጉራ። ሁለተኛዋ የቀኛዝማች አብተው የጭነት መኪና ናት፤ ግማሿ ብረት፣ ግማሿ ጠፍር። እሷን የሚነዳት የኛው አያ ጓንጉል ነው። ፊደል አልቆጠረም፤ የጭቃን ጠባይ ግን እንደ ሚስቱ ጠባይ ያውቃል፤ መቼ እንደሚለሰልስ፣ መቼ እንደሚይዝ፣ መቼ ዝም ብሎ ማለፍ እንደሚበጅ።

ሁለቱ ጌቶች በአንድ ድንበር ተጣልተው ስለማይነጋገሩ፣ በዓመት አንድ ቀን፣ የሐምሌ ገብርኤል ዕለት፣ መኪኖቻቸውን ከገበያው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ያሽቀዳድማሉ። ሰባት ዓመት ሙሉ ያሸነፉት ፊታውራሪ ናቸው። ለምን ቢሉ፣ እንዲህ ነው ነገሩ…

ቆይ፣ መጀመሪያ የቀኛዝማችን ንፍገት ልንገራችሁ።

፨

የጭነት መኪናዋ የዝናብ መጥረጊያ አልነበራትም። አያ ጓንጉል «ጌታዬ፣ ዶፍ ሲወርድ ፊቴ ያለው አይታየኝም፤ መጥረጊያ ይግዙልኝ» ብሎ ለመነ።

ቀኛዝማች ተቆጡ። «ሃያ ዓመት የተመላለስህበትን መንገድ ምን ልታይ ነው? በቃልህ አታውቀውም?»

አያ ጓንጉል እጅ ነሣና መለሰ፦ «መንገዱንማ በቃሌ አውቀዋለሁ ጌታዬ፤ በላዩ የሚተኙትን በሬዎች ግን በየቀኑ ይቀያይሩብኛል።»

፨

አንድ ጊዜ ደግሞ ከወደ ከተማ የመንገድ ሹም መጣ። ባርኔጣ ያደረገ፣ ደብተር የያዘ፣ ሁሉን የሚነካካ ሰው ነው። የጭነት መኪናዋን ዙሪያዋን ዞረና ከሥሯ አጎንብሶ አየ፤ ቀና ሲል ፊቱ አመድ መስሏል።

«ሰውዬ! ይቺ መኪና ፍሬን የላትም!»

«አላት እንጂ። ከመንገዱ ላይ ነው ያለው፤ ሐምሌ ሲገባ እግዜር በነፃ ያነጥፈዋል።»

«በጋ ሲሆንስ? ጭቃው ሲደርቅ በምን ትቆማለህ?»

አያ ጓንጉል በአገጩ ወደ ጌታው ቤት አመለከተ፦ «በበጋማ ቀኛዝማች አሉ፤ ቤንዚን ስለማይገዙልኝ ባለሁበት እቆማለሁ።»

፨

ልየው ጠላ ቤት ገብቶ አንድ ጣሳ ከቀመሰ ማንም አያስቆመውም። አንድ ቀን እንዲህ አለ፦ «ባለፈው ሳምንት በዚያ ሁሉ ዶፍ ስነዳ፣ ከፍጥነቴ የተነሣ ከኋላ የተቀመጡት እንደ ጨርቅ ሲበሰብሱ እኔ ከፊት ደረቅ ነበርሁ። አንዲት ጠብታ እንኳ አልደረሰችብኝም!»

ጠጪው ሁሉ ወደ አያ ጓንጉል ዞረ። እሱ ጣሳውን አስቀምጦ አፉን ጠረገ።

«እውነቱን ነው፤ ልየው ፈጣን ነው። እኔ እንኳ በዚያ ቀን ከዝናቡ ቀድሜ ገብቼ፣ ለመንደሩ ሴቶች ‹የተሰጣውን አንሡ፣ ከኋላዬ እየመጣ ነው› ብዬ ነግሬያቸው፣ እህሉን ሁሉ ካስገባን በኋላ ነው ልየው ከዝናቡ ጋር የደረሰው።»

፨

አሁን ወደ ፊታውራሪ ድል እንምጣ። በዚያ ዘመን ትንሽ ሰው ትልቅ ሰውን በመንገድ ቀድሞ አያልፍም። በእግርም ቢሆን፣ በበቅሎም ቢሆን፣ በመኪናም ቢሆን ያው ነው። ፊታውራሪ ይህን ስለሚያውቁ በእሽቅድምድሙ ቀን ከልየው አጠገብ ይቀመጣሉ። አያ ጓንጉል ሲጠጋቸው ከዘራቸውን በመስኮት ያወጡና «ማነህ አንተ? በማን ፊት ልታልፍ ነው?» ይሉታል። እሱም ይቆማል፤ እሳቸውም ያሸንፋሉ።

በአንዱ ዓመት ታዲያ የፊታውራሪ መኪና ከመንገዱ መሃል ማጥ ውስጥ ገባች። ልየው ሞተሩን ባስጮኸው ቁጥር እንደ ጉማሬ ትሰምጣለች። አያ ጓንጉል ከኋላ ቆመ። ከሱ ኋላ የሠርግ በቅሎዎች ቆሙ፤ ከነሱ ኋላ ሬሳ የያዙ ለቀስተኞች ቆሙ። ቀትር አለፈ። ሙሽራው ጢም አበቀለ ይባላል። በመጨረሻ ፊታውራሪ ራሳቸውን በመስኮት አውጥተው ጮኹ፦

«እናንተ ከብቶች! ምን ቆማችሁ ታያላችሁ?»

አያ ጓንጉል ባርኔጣውን አወለቀ። «ጌታዬ፣ ከኋላ ብንገፋ ጌታ ገፉ ያሰኘናል፤ ከፊት ብንጎትት ጌታ ቀደሙ ያሰኘናል። ስለዚህ ተነጋግረን እየጸለይንልዎ ነው።»

፨

በስምንተኛው ዓመት፣ በገብርኤል ዋዜማ፣ ቀኛዝማች አብተው አያ ጓንጉልን አስጠሩት።

«ስማ ጓንጉል። ነገም ከተሸነፍህ መኪናዋን ሸጬ በቅሎ እገዛለሁ። አንተም መሪውን ትተህ ልጓም ትይዛለህ።»

አያ ጓንጉል፣ ነብር ቢመጣበት ሰላም ብሎ የሚያልፍ ሰው፣ በቅሎ ይፈራል። መሪ የያዘበት እጁም ከመሪው ቅርጽ ሌላ መጨበጥ ትቷል፤ እንጀራ ሲቆርስ እንኳ ወደ ግራ ይጠመዝዘዋል።

«ጌታዬ፣ ፊታውራሪን ብቀድማቸው እኮ ያስገርፉኛል!»

«ግርፋቱ የጀርባህ ጉዳይ ነው፤ መቅደሙ የኔ ጉዳይ ነው» አሉት ቀኛዝማች።

«እንግዲያው ጀርባዬን ለማንም የማላሳይበትን መላ ልፈልግ» አለና ወጣ።

በማግሥቱ የወረደው ዝናብ፣ ዝናብ ነው ለማለት ይከብዳል። ዓሣዎች ከወንዙ ወጥተው መንገዱን ተሻግረው ዘመድ ጠይቀው ተመልሰዋል ይባላል። ሁለቱ መኪኖች ተነሡ። ፊታውራሪ ከፊት፣ አያ ጓንጉል ከኋላ፣ የአገር ሰው ሁሉ ከዳር። አቀበቱ ሥር ሲደርሱ የፊታውራሪ መኪና መንሸራተት ጀመረች። ልየው መሪውን ግራ ይላል፣ እሷ ቀኝ ትላለች፤ አንድ ክንድ ወጥታ ግማሽ ክንድ ትመለሳለች።

አያ ጓንጉል ይኼኔ ያደረገውን የሰማ ፈረንጅ እስካሁን አላመነም። ሜዳው ላይ መኪናዋን አዞረና የኋላ ማርሽ አስገባ። ይህ ማርሽ ምንም ያልተነካ፣ እንደ ሙሽራ የተጠበቀ ነበር፤ ቀኛዝማች «አንዴ የሄዱበትን መንገድ መመለስ ቤንዚን ማባከን ነው» ብለው ወደ ኋላ መንዳት ከልክለውት ስለነበር፣ ከማርሾቹ ሁሉ ጥርሱ ያልረገፈ እሱ ብቻ ነው። እንደ በሬ ጎተተ። ከጭነቱ ላይ የተቀመጡት ዲያቆናት «ግራ! ቀኝ! ዋርካ! ዋርካ!» እያሉ ይመሩታል። አያ ጓንጉል ፊቱን ወደ ፊታውራሪ እንዳደረገ፣ ባርኔጣውን በደረቱ ይዞ፣ ዝቅ ብሎ እጅ እየነሣ፣ ወደ ኋላ ሽቅብ አለፋቸው።

«አንተ ባለጌ! ልትቀድመኝ ነው?»

«ኧረ ምን ቆርጦኝ! እየተሰናበትሁ ነው ጌታዬ!»

ከትልቅ ሰው ፊት ሲሰናበቱ ጀርባ ሳይሰጡ፣ እጅ እየነሡ ወደ ኋላ መውጣት ነው ወጉ። ፊታውራሪም አርባ ዓመት ሰው ሲያሰናብቱ ኖረዋልና አፋቸው ከልባቸው ቀደመ፤ እጃቸውን አንሥተው «በል፣ ደህና ግባ» አሉት።

ደህና ገባ። ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ቆሞ፣ ጸበል ጠጥቶ፣ ልብሱን አድርቆ ጠበቃቸው።

፨

ፊታውራሪ ከሰሱት። ችሎቱ ከዋርካው ሥር ተሰየመ፤ ገራፊው ጅራፉን በቅቤ አለስልሶ ቆሟል። ቀኛዝማችም በበኩላቸው፣ ምናልባት ዳኛው ተሸንፏል ቢሉ ብለው አንዲት ነጭ በቅሎ ለሙከራ ተውሰው አስመጥተዋል። በቅሎዋ አያ ጓንጉልን ስታይ ጆሮዋን ወደ ኋላ ጣለች።

አያ ጓንጉል ጋቢውን አደግድጎ ቆመ። «ጌታዬ ዳኛ፣ ፊታውራሪ ራሳቸው አሰናብተውኛል። ሕዝቡ ምስክሬ ነው።»

ዳኛው ግን ቀላል ሰው አልነበሩም። «ስንብት ወደ ቤት ነው እንጂ ወደ ፊት ነው እንዴ? አትሸውደኝ! በአንድ ቃል መልስ። አልቀደምሁም ካልህ ተሸንፈሃል፤ በቅሎዋ ያቻት። ቀድሜያለሁ ካልህ ጌታ ደፍረሃል፤ ጅራፉ ይኸው።»

አያ ጓንጉል ጅራፉን አየ። በቅሎዋን አየ። ጅራፉን ደግሞ አየ።

ፊታውራሪ መታገሥ አቅቷቸው ብድግ አሉ። «ምን ይጠየቃል! በድፍን አገር ፊት ቀድሞኝ ሄደ! እኔን! በዘመቻ ጊዜ ከንጉሥ ፊት ቀድሜ የምሄደውን ሰው!»

አያ ጓንጉል እስከ መሬት ዝቅ ብሎ እጅ ነሣ።

«ቀድሜያለሁ፣ ጌታዬ ዳኛ። የቀደመ ሁሉ ደፋር ከሆነ ግን ግርፋቱ እንደ ማዕረጋችን ይሁን፤ እኔ የቀደምሁት ፊታውራሪን ነው፣ እሳቸው የሚቀድሙት ንጉሥን ነው፤ በማን ጀርባ እንጀምር?»